ላም አለኝ በሰማይ፦ የላስታ ተራሮችና ያላፈራናቸው ተመራማሪዎች

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል ያገራችን ሰው። ብሂሉ ባልጨበጡት ሀብት ለሚመኩ ሁሉ የተነገረ ቢሆንም፣ ለሰማይ ሳይንሳችን ግን በልኩ የተሰፋ ነው።

በ2007 ዓ.ም. በእንጦጦ ተራራ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተመረቁ። በዚያው ሰሞን ሌላ የምሥራች አብሮ ተነገረን፤ ከእንጦጦ እጅግ የሚልቅ፣ ከከተማ መብራት የራቀ ሁለተኛ የምርምር ጣቢያ በላሊበላ ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ ይቆማል ተባለ። ከዚያ ወዲህ ዓመታት ነጎዱ። በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሥራ ጀመረ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ምድር መጠቀች። በ2014 ዓ.ም. ኢንስቲትዩቱ ከጂኦስፓሻሉ ተቋም ጋር ተዋሐደና ስሙ ተለወጠ። በላስታ ተራራ አናት ላይ ግን ዛሬም ያለው ገብሱን የሚያርም ገበሬ፣ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ነው።

ውድ አንባቢ፣ ቴሌስኮፑ አልመጣም ብዬ ሙሾ ላወርድ አይደለም ብዕሬን ያነሣሁት። ክርክሬ ሌላ ነው። ቴሌስኮፑ ነገ ጠዋት ተጭኖ ቢመጣ፣ ከጎኑ የሚቆም፣ የሚያየውን የሚተረጉም፣ ሲበላሽ የሚጠግን ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በበቂ ቁጥር የለንም፤ እንዲኖረንም አልሠራንም። ለብረቱና ለመስታወቱ ሪባን ስንቆርጥ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪውን ረስተነዋል። ይህን የምለው ፊዚክስ በማስተማር ዕድሜውን የሚገፋ ሰው ሆኜ ነው፤ ከነማስረጃውም እላለሁ።

ትምህርቱ ምንድን ነው?

በተለይ ልናገርለት የፈለግሁት አስትሮፓርቲክል ፊዚክስ ስለሚባለው ዘርፍ ነው። ይህ ትምህርት በከዋክብት ጥናትና በጥቃቅን ቅንጣቶች ጥናት መካከል የቆመ ሲሆን፣ ዓይን በሚያየው ብርሃን ሳይወሰን ከጠፈር የሚወርዱትን ቅንጣቶች፣ ማለትም ኮስሚክ ጨረርን፣ ጋማ ጨረርንና ኒውትሪኖን ይመረምራል። ኦስትሪያዊው ቪክቶር ሄስ እ.ኤ.አ. በ1912 መለኪያውን ይዞ በፊኛ እስከ 5,300 ሜትር ወጣና፣ ከፍ ባለ ቁጥር ጨረሩ እየበረታ መሄዱን አረጋገጠ። እንግዲያስ ምንጩ ከምድር ሳይሆን ከሰማይ ነው አለ። ለዚህ ሥራው በ1936 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሩቅ ጠፈር የመጣ ብርቱ ቅንጣት የከባቢ አየራችንን ጣሪያ ሲመታ አዳዲስ ቅንጣቶችን ይወልዳል፤ የተወለዱትም ሌሎችን ይወልዳሉ፤ በዚህ አኳኋን የቅንጣት ዶፍ ወደ ምድር ይወርዳል። ከእነዚህ መካከል ሙዮን የተባለችው ዕድሜዋ ከሁለት ማይክሮ ሰከንድ እምብዛም አያልፍም፤ ሆኖም ከብርሃን በማይተናነስ ፍጥነት ስለምትጓዝ፣ አንስታይን እንዳስተማረው ጊዜዋ በእኛ ዘንድ ይለጠጥና ምድር ላይ ትደርሳለች። መዳፍህን ብትዘረጋ በየሰከንዱ አንድ ወይም ሁለት ሙዮን ያልፍባታል። ይህን ስታነብ እንኳ ብዙዎቹ ሰውነትህን አቋርጠው ሄደዋል።

እነዚህን ብርቱ ቅንጣቶች የሚወረውራቸው ምንድን ነው? የፈነዱ ከዋክብት ቅሪት ናቸውን? ጋላክሲዎች ማዕከል የተቀመጡት ጥቁር ጉድጓዶች ናቸውን? ሄስ ፊኛው ላይ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ ጥያቄው ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ያልተመለሰ ጥያቄ ደግሞ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ እንጀራው ነው።

ተራራው ምን ይሠራል?

የቅንጣቱ ዶፍ ወደ ታች በወረደ ቁጥር በአየሩ እየተዋጠ ይመነምናል። ስለዚህ ጥናቱ ከፍታ ይወዳል። ሜክሲኮ ሀውክ የተባለውን ጣቢያ በሴራ ኔግራ ተራራ ላይ በ4,100 ሜትር ከፍታ ተከለች። ቻይና ላሶ የተባለውን በሲቹዋን ግዛት በ4,410 ሜትር ላይ ተከለች፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚያ የወጣው ግኝት፣ ጉልበቱ ከአንድ ፔታ ኤሌክትሮን ቮልት የሚበልጥ ጋማ ጨረር ከገዛ ጋላክሲያችን እንደሚመነጭ አሳየ። ቦሊቪያ ቻካልታያ ተራራ ላይ፣ ከ5,000 ሜትር በላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የተጋለጡ የፎቶ ሰሌዳዎች የፓዮንን መገኘት ለማጽናት ረድተዋል።

ከላሊበላ ከተማ በላይ የተገተረው አቡነ ዮሴፍ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ ከራስ በላይ የሚቀረው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሌላም ጸጋ አለው። ላስታ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ፣ የፍኖተ ሐሊብ ማዕከል ከሜክሲኮውም ከቻይናውም ጣቢያ ይልቅ እዚህ ከፍ ብሎ ይታያል። ክረምት ገብቶ ሰማዩ ሲደፈን ተራው ቴሌስኮፕ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እንደ ሀውክ ያለ የቅንጣት መቁጠሪያ ግን ደመና ሳይከለክለው ሌትም ቀንም ይሠራል። ስለዚህ ለላስታ ከመስታወቱ ይልቅ ይህ ዘርፍ የሚስማማ ይመስለኛል። ስለ ላሊበላ ጣቢያ በአደባባይ ሲወራ ግን የሰማሁት ሁልጊዜ ስለ መስታወቱ ስፋት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተረሳ ታሪክ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1933 ጣሊያናዊው ብሩኖ ሮሲ መሣሪያውን ጭኖ ወደ አስመራ መጣ፤ ኤርትራ በዚያን ጊዜ የጣሊያን ቅኝ ግዛት ነበረች። ከከተማዋ አጠገብ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ሆኖ ለካ። ከምዕራብ በኩል የሚመጣው ጨረር ከምሥራቅ ከሚመጣው እንደሚበልጥ አየ፤ ይህም የኮስሚክ ጨረር ቅንጣቶች በአብዛኛው አዎንታዊ ሙል እንዳላቸው የሚያሳይ ነው። ከዚያም አልፎ፣ ተራርቀው የተቀመጡ መቁጠሪያዎቹ አንዳንዴ ባንድ ቅጽበት እንደሚጮኹ መዘገበ። ፈረንሳዊው ፒየር ኦዤ እ.ኤ.አ. በ1938 በስፋት ያጠናው የቅንጣት ዶፍ ይኸው ነበር። እንግዲህ የዚህ ሳይንስ አንዱ ምዕራፍ የተጻፈው በእኛው የተራራ ሰንሰለት ላይ ነው። ከአገሬው ሰው ግን በዚያ ሥራ የሠለጠነ አንድም ተማሪ በታሪክ አልተመዘገበም። መለኪያው መጣ፤ መረጃው ተጫነ፤ ጽሑፉ በጣሊያን ታተመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከጣሊያን የመጣልን ምን እንደ ሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አይነገርም።

ይህን የማነሣው ሮሲን ለመክሰስ አይደለም። እርሱ ራሱ አይሁዳዊ በመሆኑ በ1938 የፋሺስቱ የዘር ሕግ ከዩኒቨርሲቲ ወንበሩ አባርሮታል። የማነሣው ሕጉ እንዲታወቅ ነው፦ ተራራ ያለው ሰው ሳይሆን ተማሪ ያለው ሰው ነው ሳይንሱን የሚወስደው። ዛሬም ተማሪ ሳናሠለጥን የውጭ ሰዎች መጥተው አቡነ ዮሴፍ ላይ ቢተክሉ፣ ዕጣችን የዘበኝነትና የመንገድ ጠራጊነት ይሆናል።

ሦስት ተከራካሪዎች

በዚህ ጉዳይ ሦስት ዓይነት ሰዎች ይገጥሙኛል።

የመጀመሪያው «ሕዝብ እየተራበ፣ እናንተ የሰማይ ቅንጣት ትቆጥራላችሁን?» የሚለው ነው። ይህን ሰው አልንቀውም። ሰሜን ወሎ ረሃብን ከመጽሐፍ የተማረች ምድር አይደለችም፤ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን የሚያስታውሱ እናቶችና አባቶች ዛሬም በሕይወት አሉ። ነገር ግን ክርክሩ ቢመረመር ይፈርሳል። የተራበን ሕዝብ የሚመግበው ዩኒቨርሲቲዎቹን በመዝጋት ቢሆን ኖሮ እስካሁን በጠገብን ነበር። ደግሞም ይህ ትምህርት ቅንጣት መቁጠርን ብቻ አያስተምርም። ፈጣን ኤሌክትሮኒክስን፣ የጨረር ልኬትን፣ ግዙፍ መረጃን የመመርመር ብልሃትን ያስተምራል። የካንሰር ሕክምና ማዕከል የሚፈልገውን የጨረር ፊዚክስ ባለሙያ የሚያፈራው ይኸው መሠረት ነው።

ለላሊበላ ደግሞ የቀረበ ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 የስካን ፒራሚድስ ተመራማሪዎች በግብጹ የኩፉ ፒራሚድ ውስጥ ተሰውሮ የኖረ ሰፊ ባዶ ቦታ እንዳለ አስታወቁ። ድንጋይ አልፈለጡም፤ ጉድጓድ አልቆፈሩም። ከሰማይ የሚወርዱትን ሙዮኖች በፒራሚዱ ውስጥ ሆነው ቆጠሩ፤ ብዙ ሙዮን ባለፈበት በኩል ድንጋዩ ስስ ነው ማለት ነው። አሁን ወደ ቅዱስ ላሊበላ ሥራ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈሉ ናቸው፤ ድንጋዩ ውኃ እየጠጣ ይሰነጠቃል። ከዝናብ ለመከላከል የተተከሉት ግዙፍ የብረት መጠለያዎች ራሳቸው ስጋት ሆነው የከተማው ሕዝብ በ2011 ዓ.ም. አደባባይ ወጥቶ አቤት ብሏል። በአብያተ ክርስቲያናቱ ሥርና ዙሪያ ዋሻዎችና ቦዮች ስላሉ፣ መቁጠሪያ አስቀምጦ ከበላይ ያለውን ድንጋይ መመርመር ይቻላል ወይ? ስንጥቁና የውኃው ጎዳና በሙዮን ይታያል ወይ? መልሱ ይሆናል ወይም አይሆንም የሚለው በሙከራ የሚለይ ነው። ይህ ለአንድ የዶክትሬት ተማሪ የተዘጋጀ ማዕድ አይደለምን? ካህናቱ ከፈቀዱ፣ ቅርሱን ሳይነኩ፣ ከጸሎቱ ሰዓት ሳይጋጩ ሊሞከር የሚችል ነው። እስካሁን ግን ድንጋያችንን የሚመረምሩልን፣ ስለ ድንጋያችን የሚያማክሩን በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የሚመጡ ናቸው።

ሁለተኛው ተከራካሪ የዚህ ተቃራኒ ነው። «አባቶቻችን ሰማዩን ቀድመው ያውቁ ነበር፤ መጽሐፈ ሄኖክ የማን ሆነና! ባሕረ ሐሳብ የማን ሆነና! አቡሻኸርስ!» ይላል። በባሕረ ሐሳብ እኔም እኮራለሁ፤ በዓላትንና አጽዋማትን ለዘመናት ያለ ስሕተት ያወጣ ሥርዓት ቀላል ነገር አይደለም። ግን እነዚያ ሊቃውንት ቀመሩን የወረሱት በመፎከር ነውን? መምህር ፍለጋ አገር አቋርጠው፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብለው ለምነው፣ በየጎጆው አድረው፣ ዓመታት ተቀምጠው ነው የተማሩት። የአብነት ትምህርት ቤቱ ቀድሞ የነበረው መምህርና ተማሪ እንጂ ሕንጻ አልነበረም። በአባቶቻችን ሊኮራ የሚሻ ሰው ሥርዓታቸውን ይከተል። የአባቶቹን ስም እየጠራ የልጆቹን መምህር የሚያስርብ ሰው ግን አባቶቹንም አላከበረም።

ሦስተኛው ተከራካሪ ደግሞ «ጎበዝ ተማሪ ውጭ ሄዶ ይማር፤ እዚህ ምን አለ?» ባይ ነው። ይሂድ፤ ማንም አይከልክለው። ነገር ግን ሲመለስ የሚገባበት ቤት ከሌለ አይመለስም፤ ተመልሶም አይቆይም። ጥሪት ማለት የሄደው ብቻ ሳይሆን የቀረውም ነው። ባዶ ወና ላይ ተመለሱ ብሎ መጥራት በራሳችን ልጆች መሳለቅ ነው።

የተማሪው ኑሮ

አሁን ሹማምንቱ ሊሰሙት ወደማይወዱት ነገር ልግባ።

በእውነት እንነጋገር ከተባለ፣ የእንጦጦው ማዕከል መልካም ጅምር አሳይቷል። በአስትሮኖሚና በአስትሮፊዚክስ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎችን ተቀብሎ አስተምሯል። ከሰርቢያ የተነሡት ዶክተር ሚርያና ፖቪች እዚያ ሆነው የኢትዮጵያ ሴት ልጆች ወደ ሳይንስ እንዲገቡ በመድከማቸው እ.ኤ.አ. በ2018 የኔቸርን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ ሰማይ ላይ ባለፈ ጊዜ ተመራማሪዎቻችን በቦታው ተገኝተው ተመልክተዋል። ይህን ሁሉ አልክድም። ነገር ግን ከአስትሮኖሚው ጥግ ተጠግቶ ካልሆነ በቀር፣ ራሱን ችሎ የቆመ፣ ቤተ ሙከራ ያለው የአስትሮፓርቲክል ፊዚክስ የድኅረ ምረቃ ፕሮግራም የለንም።

ከሥር እንጀምር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኑ። ካለፉት ጥቂቶች መካከል ፊዚክስን በመጀመሪያ ምርጫው የሚሞላ ስንት ነው? የመጀመሪያ ዲግሪ ክፍሎቻችን ሕክምናና ምሕንድስና ያልደረሳቸው፣ ሳይወዱ የተመደቡ ወጣቶች መጠለያ ከሆኑ ቆይተዋል። ከዚያ ውስጥ ነው የማስተርስ ተማሪ የሚወጣው፤ ከእርሱም ውስጥ የዶክትሬቱ።

ላስታ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይብሳል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች ተያዘች፤ በ2014 ዓ.ም. በኅዳርና በታኅሣሥ ከእጅ ወደ እጅ ተለዋወጠች። ለአካባቢው የቀረበው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ በዚያው ጦርነት ተዘረፈ፤ ቤተ ሙከራዎቹ ወደሙ። ያ ቁስል ሳይሽር ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ሌላ ጦርነት ተነሣ። በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ። ወገኖቼ፣ ዛሬ ፊደል ያልቆጠረ የስምንት ዓመት ልጅ ከሃያ ዓመት በኋላ የዶክትሬት ተማሪ አይሆንም። የላሊበላ ጣቢያ መሠረት ድንጋይ የሚጣለው ተራራው ላይ ሳይሆን በዚያ ልጅ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ግን ተዘግቷል።

ይህን ሁሉ አልፎ ድኅረ ምረቃ የደረሰስ ምን ይጠብቀዋል? አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከላስታ የመጣ አንድ የማስተርስ ተማሪ ነበረኝ። የመመረቂያ ጽሑፉን የሙዮን ብዛት ከከፍታ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ በመለካት ሊሠራ ፈለገ፤ ከከተማው ጀምሮ እስከ አቡነ ዮሴፍ አናት ድረስ መሣሪያውን በበቅሎ እያወጣ ሊለካ። ያማረ ጥያቄ ነበር፤ መንገዱንም ከልጅነቱ ያውቀዋል። በውጭ አገር ያሉ ባልደረቦች ከጫማ ካርቶን የማትበልጥ መቁጠሪያ በስጦታ ላኩልን። መሣሪያዋ አገር ውስጥ ገብታ አንድ መሥሪያ ቤት መጋዘን ውስጥ ተቀመጠች። በሰነዷ ላይ «ጨረር» የሚል ቃል ስላለ አደገኛ ናት ተባለ። ጨረር አታመነጭም፣ በእኔም በእርስዎም ሰውነት ውስጥ የሚያልፈውን ትቆጥራለች እንጂ ብዬ አስረዳሁ። ደብዳቤ ጻፉ አሉ፤ ጻፍን። ማኅተሙ ክብ መሆን አለበት አሉ፤ አደረግን። ስምንት ወር ሞላ። ተማሪው ሁለት ዓመቱን ስለጨረሰ ጽሑፉን በኮምፒውተር ስሌት ብቻ ሠርቶ ተመረቀ። ውጤቱ መጥፎ አልነበረም። ግን በገዛ ተራራው ላይ የሚወርደውን ሙዮን አንዲቷን እንኳ ሳይቆጥር ሄደ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር የገንዘብ እጦት አይደለም። የመሣሪያዋ ዋጋ ተከፍሏል። የጎደለው ለትምህርት ያለን ክብር ነው። መምህራኑም ከዚህ የተለየ ዕጣ የላቸውም፤ ደመወዛቸው የቤት ኪራይ የማይሸፍንላቸው ሰዎች ሦስት ቦታ እያስተማሩ ምርምር ያማክራሉ ተብሎ ይጠበቃል። በደርግ ዘመን ታስረው ሳሉ እስረኛ ጓደኞቻቸውን ያስተምሩ የነበሩት የፊዚክስ ሊቁ ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር የሳካሮቭን ሽልማት ተቀብለዋል። እንዲህ ያለ ጽናት የሚደነቅ ነው። አንድ አገር ግን መምህራኑ ሁሉ ጻድቅ እንዲሆኑ ጠብቆ ዩኒቨርሲቲ ሊመራ አይችልም።

ሌሎች እንዴት አደረጉት?

«ድሃ ስለሆንን ነው» የሚል ካለ ወደ ደቡብ ይመልከት። ደቡብ አፍሪካ ሜርካት የተባለውን የሬድዮ ቴሌስኮፕ የመረቀችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ዩኒቨርሲቲዎቿን አስተባብራ የአስትሮፊዚክስና የጠፈር ሳይንስ ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ ፕሮግራም በኬፕታውን የጀመረችው ግን በ2003 ነው። ለታላቁ የሬድዮ ቴሌስኮፕ ፕሮጀክት የሚሆኑ ተማሪዎችን በነጻ የትምህርት ዕድል ማስተማር የጀመረችው በ2005 ነው፤ ጣቢያውን የማስተናገድ ዕድሉን ከማግኘቷ ሰባት ዓመት ቀድማ ማለት ነው። ተማሪው ቀደመ፤ ብረቱ ተከተለ። በነሐሴ 2024 የዓለም አቀፉ አስትሮኖሚ ኅብረት ጠቅላላ ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኬፕታውን፣ የተካሄደው በአጋጣሚ አይደለም።

ናሚቢያም አለች። በቪክቶር ሄስ ስም የተሰየመው የጋማ ጨረር ጣቢያ ከ2002 ጀምሮ በኮማስ ደጋ ላይ በ1,800 ሜትር ከፍታ ይሠራል። እኛ እንጦጦን በመረቅንበት በ2015 ደግሞ ሜክሲኮ ሀውክን መርቃለች። ሀውክ ምንድን ነው ቢሉ፣ እኛ ሮቶ የምንለውን የሚመስሉ፣ ግን እያንዳንዳቸው ወደ 200 ሺህ ሊትር ውኃ የሚይዙ 300 ግዙፍ ጋኖች ናቸው፤ በየጋኑ ሥር ብርሃን የሚለቅሙ ዓይኖች ተተክለዋል። በዚያ ጣቢያ መረጃ ላይ ዶክትሬታቸውን የሠሩ የሜክሲኮ ልጆች ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ያስተምራሉ።

ስለ ውኃ ካነሣሁ ግን ሌላም ልበል። የላስታ ሴት እንስራ ተሸክማ ቁልቁለት በምትወርድበት ምድር፣ በተራራው አናት ላይ ሚሊዮን ሊትር ውኃ ለቅንጣት መቁጠሪያ እናከማቻለን ብሎ መምጣት ነውር ነው። አቡነ ዮሴፍ ባለቤት የሌለው ባዶ ተራራ አይደለም፤ የግጦሽ ሕግ ያለው፣ ቀይ ቀበሮውን የሚጠብቅ ሕዝብ አለው። ማንኛውም ጣቢያ ሲመጣ ቀድሞ የገበሬውን ፈቃድ ሊጠይቅ፣ ውኃውን፣ መብራቱንና መንገዱን ቀድሞ ለመንደሩ ሊያደርስ ይገባዋል። ለዚህም ቢሆን ከሚኒስትር ጋር ብቻ ሳይሆን ከአርሶ አደሩ ጋር በቋንቋው የሚነጋገር ያገሩ ተመራማሪ ያስፈልጋል።

ምን ይደረግ?

ትችት ብቻ ጽፎ መሄድ ለመምህር አይገባም። ስለዚህ የሚሻለውን ልዘርዝር።

1. ዛሬውኑ በነጻ ባለው መረጃ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2008 የመጠቀው የፌርሚ ሳተላይት የጋማ ጨረር መረጃ ለማንም ክፍት ነው። በአርጀንቲና 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ የተዘረጋው የኦዤ ጣቢያ በ2021 ከመረጃው አንድ አሥረኛውን ለሕዝብ ለቋል። ኢትዮጵያዊ ተማሪ ይህን ለመሥራት የሚያሻው የማይቋረጥ መብራት፣ የማይዘጋ ኢንተርኔትና በቅጡ የሚያማክረው መምህር ነው። ኢንተርኔት በፖለቲካ ምክንያት ለወራት በሚቆረጥበት ክልል ግን መረጃው ቢከፈት ምን ይጠቅማል?

2. ያሉንን ጥቂት ሰዎች አንሰብስባቸው። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ ወልድያ እያልን በየዩኒቨርሲቲው አንዳንድ ሰው በትነን አምስት ደካማ ፕሮግራም ከምንከፍት፣ የደቡብ አፍሪካን አርአያ ተከትለን አንድ የጋራ ፕሮግራም እናቁም።

3. ታላቁን ቴሌስኮፕ ከመመኘት በፊት ትንንሽ የሙዮን መቁጠሪያዎችን በራሳችን እጅ እንሥራ። ከላሊበላ እስከ ተራራው አናት አሥር ቦታ እንትከላቸው። በላስታ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም እናስቀምጣቸው።

4. ለትምህርትና ለምርምር የሚገባ መሣሪያ በመጋዘን የሚቀመጥበት ጊዜ በሕግ ይወሰን፤ ከቀናት አይበልጥ።

5. ከሁሉ በላይ ጦርነቱ በድርድር ይቁም። በጥይት መካከል የሚሠራ ሳይንስ የለም። ይህ የፖለቲካ ጉዳይ ነው፣ አንተ ፊዚክስህን አስተምር የሚሉኝ አሉ። ተማሪዬ ወደ መስክ የሚወጣበት መንገድ ከተዘጋ ፊዚክሱን እንዴት አድርጌ ነው የማስተምረው?

እነዚህ አምስቱ ተደምረው የአንዲት ሳተላይት ዋጋ አይሆኑም። የአምስተኛው ዋጋማ ከገንዘብ ይልቅ ትዕቢትን መተው ነው። ችግሩ እነዚህ ሥራዎች ሪባን የላቸውም፤ ቴሌቪዥን አይጠራላቸውም። አንድ የዶክትሬት ተማሪ ለመብቃት ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ የአንድ ሹም ሥልጣን ብዙ ጊዜ ያን ያህል አይቆይም። ስለዚህ ሹሙ የሚመረቀውን ሰው ሳይሆን የሚመረቀውን ሕንጻ ይመርጣል። በዚህ ስሌት ከቀጠልን ላሊበላ አንድ ቀን ቴሌስኮፕ ታገኝ ይሆናል፤ ቋንቋውን የማናውቀው እንግዳ ግን ከተራራው ላይ ቁልቁል እያየን በእኛ ሰማይ ይራቀቅበታል።

ተራራው የትም አይሄድም፤ ሙዮኑም ሳያቋርጥ ይወርዳል። የተማሪ ዕድሜ ግን ያልፋል። አለን የምንላት የሰማይ ላም ወተቷን እንድትሰጠን ከፈለግን አላቢዎቹን እናስተምር።

ቸር ይግጠመን።